ሦስት ጥንድ ጫማ በደጃፍ

ኢንስፔክተር መቅደላዊት ቁስቋም ካለው የድንጋይ ቤት ስትደርስ፣ ከሬሳው በፊት ያየችው ጫማዎቹን ነው። ሦስት ጥንድ ናቸው፤ ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። ከውስጥ፣ በረጠበው የአፈር ወለል ላይ፣ የሃያ ሰባት ዓመቱ ድምፃዊ አንዱዓለም በባዶ እግሩ ተዘርሯል። ማይክራፎኑን አሁንም እንደጨበጠ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የማንንም እናት ደጃፍ አይርገጥ።

አንዱዓለምና ታላቅ ወንድሙ ዕንባቆም የመሠረቱት «ድንጋይ ቤት» ባንድ በሮክ ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሬጌ ሆነ፤ ከዚያ ጃዝ፤ ከዚያ ደግሞ አራዳ ያለ ሠርገኛ ሁሉ የሚሻማው እስክስታ። የሚያቀያይረው ታናሹ ነበር፤ ታላቁ ጊታሩን አንግቶ ይከተላል። እናታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ አንዱንም ዘፈን ወደውት አያውቁም። ብቻ ልጆቹ ሌላ ቦታ ሄደው ክፉ ከሚያገኛቸው ብለው ይቺን ቤት ለቀቁላቸው። ክፉው ግን ቤት ድረስ መጣ።

«መብራት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አንድ መዝሙር እንኳ ሳንጨርስ ወደቀ» አለ ድራም ተጫዋቹ አስማረ። እግሩ ባዶ ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነክቶታል።

«መዝሙር?»

«ትናንት ነው የነገረን። ዘፈን በቃኝ፣ ነገ አንድ መዝሙር አብረን ብለን እንለያይ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ልገባ ነው አለ። እኔማ ይቺስ ስንት ወር ትቆይ ይሆን ብዬ ቀለድኩበት።» ድምፁ ተሰበረ። «መብራቱን አጥፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ወለሉን ፈርቼ እናቱንም አላስገባሁ፣ ዕንባቆምም ሰው ጠርቶ ሲመለስ አላስገባሁት።»

«ዕቃችሁ ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ምነው እንዲህ አዩኝ?»

የመብራት ባለሙያው አምፕሊፋየሩን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ የእርጅና ብልሽት አይደለም። ሽቦውን ሰው ነካክቶ ኤሌክትሪኩን ወደ ማይክራፎኑ ለቆታል። ደህና ጫማ ያደረገ ሰው ምናልባት ይተርፍ ነበር። በባዶ እግር፣ በረጠበ መሬት ግን...» አልጨረሰውም፤ እናትየው እየሰሙ ነበር።

ኪቦርድ የምትጫወተው ፅዮን ለአራት ዓመት የአንዱዓለም እጮኛ ነበረች።

«ሊተውሽ ነበር አሉ» አለቻት መቅደላዊት።

«ሁላችንንም ሊተወን ነበር። ልገድለው ብነሳ ኖሮ በሬጌው ጊዜ እገድለው ነበር፤ ያኔ ነው ያስመረረኝ።» ፈገግታ መሰል ነገር ፊቷ ላይ መጣና ወዲያው እንባ ሆነ።

«ጫማሽን ለምን አወለቅሽ?»

«መዝሙር ነዋ! ደንቡን ያወጣው ዕንባቆም ነው፤ ድሮ ዲያቆን ነበር። ለገና መዝሙር ስናጠና ካልሲዬን ሳይቀር አስወልቆኛል።»

መቅደላዊት ወደ ውስጥ ተመልሳ ጊታሩ ሥር ተንበረከከች። ዕንባቆም በእግሩ የሚረግጠው ፔዳል ላይ ጭቃ ደርቋል፤ የጎማ ሶል ቅርጽ ታትሞበታል።

«ወለሉን ማን አረጠበው?» ስትል እናትየውን ጠየቀች።

«እኔ። አቧራው ጉሮሯቸውን እንዳይዛቸው ሁልጊዜ ውኃ እረጫለሁ።»

«ይሄን ያህል?»

ወይዘሮ የትነበርሽ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ልጄ፣ ሁለት ነበሩኝ። አንዱ ሄደ። ድንገተኛ ነው ብለሽ ሸጋ አድርገሽ ጽፈሽ ሂጂልኝ።»



ሬሳው ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዕንባቆም አንገቱን ደፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ሽቦውን መነካካት አስማረ ይችላል» ብላ ጀመረች። «ፅዮን ቂም ሊኖራት ይችላል። ግን ሁለቱም እዚያ ውኃ ላይ በባዶ እግራቸው ነበሩ። ሞት እዚያ መኖሩን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይደፍርም። ተጫዋቾቹ አራት፣ ደጃፉ ላይ ያለው ጫማ ሦስት ጥንድ። አራተኛውስ?»

ሁሉም የዕንባቆምን እግር አዩ። ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ቡት ጫማ ነው፤ ማሰሪያው እስከ ላይ ተቋጥሯል።

«ሰው ልጠራ ስሮጥ ያጠለቅኩት ነው።»

«ወንድምህ መሬት ላይ ወድቆ አንተ ማሰሪያ ስታስር ነበር? ይሁን። ፔዳሉን የረገጠው ጫማስ? ከወጣህ ወዲህ አስማረ አላስገባህም። ጊታር ስትመታ የረገጥከው ነው። የሰው ካልሲ የምታስወልቅ ሰውዬ፣ ዛሬ ብቻ የገዛ ጫማህን ረሳህ?»

«እኔ ነኝ!» አሉ እናትየው እየተነሡ። «ውኃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ! እኔን ውሰጂኝ!»

«ማን አብዝተው እንዲያፈሱ ነገረዎት፣ እናቴ?»

 የእናትየው ዓይን ሳያስቡት ወደ ታላቁ ልጃቸው ሄደ። ሊመልሱት ሞከሩ፤ ዘገየባቸው።

ዕንባቆም ቀና አለ። «ዲቁናዬን ያስጣለኝ እሱ ነው። ሮክ አለኝ፣ ተከተልኩት። ሬጌ አለ፣ ተከተልኩት። ጃዝ አለ፣ ጣቴ እስኪደማ ተማርኩ። ትናንት መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ልገባ ነው ይለኛል። የኔን ቤት! እኔ በየትኛው ፊቴ ነው የምመለሰው?»

«አብራችሁ ትሄዱ ነበር'ኮ» አለች ፅዮን ቀስ ብላ። «ትናንት ለኔ ሲነግረኝ፣ አያ ዕንባቆም እጄን ይዞ ካልመራኝ አልሄድም ብሎኝ ነበር። ዛሬ ከመዝሙሩ በኋላ ሊጠይቅህ ነበር።»



ቡት ጫማው ማስረጃ ስለሆነ መቅደላዊት አስወለቀችው። በባዶ እግሩ ወደ ፖሊሶቹ መኪና ሲሄድ ወይዘሮ የትነበርሽ ደጃፍ ላይ ከቀሩት ጫማዎች የአንዱዓለምን አንስተው ሮጡ።

«ይሄን ያድርግ፤ መሬቱ ይበርዳል። ልካቸው አንድ ነው።»

ዕንባቆም ጫማውን አየና እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ። እናቱ ግን ተንበረከኩ፤ ተረከዙ ላይ ያለውን ጭቃ በነጠላቸው ጠረጉና አንድ በአንድ አጠለቁለት።

አስማረና ፅዮን የየራሳቸውን አድርገው ሄዱ። ደጃፉ ላይ ምንም ጫማ አልቀረም።