የልመንህ የመጨረሻ ቅርጽ

ልመንህን ያገኘችው ምሳ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ብርቄ ናት። አናጺው መሥሪያው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከማጅራቱ የወረደው ደም ደርቋል፤ የእንጨት መዶሻው እግሩ ሥር ወድቋል።

ኢንስፔክተር እናትነሽ ጥሪው ሲደርሳት ገና ከቤተ ልሔም መንደር አልወጣችም ነበር። ዘመድ ልትጠይቅ ወደ አርብ ገበያ ስታልፍ፣ በልመንህ ቤት እንጨት ቀርጾ ሥዕል የሚያትመውን የጃፓናዊውን የሞሪታን ሥራ ለማየት ብላ ነው ትናንት ከመኪና የወረደችው። መቀመጥ የማይሆንላት ሴት እሱ ፊት ግን ተቀምጣ ዋለች። ሞሪታ ሥዕል ያለበትን ስስ ወረቀት በፊቱ ደፍቶ እንጨት ላይ ይለጥፋል፤ መስመሩን ተከትሎ ይፈለፍላል። ከዚያ ቀለም ቀብቶ ሌላ ወረቀት ያለብስና ይዳብሰዋል። ወረቀቱ ሲነሳ ተራራውና ዛፉ ብቅ ይላሉ። ልመንህ አጠገቡ ትንፋሹን ይዞ ያይ ነበር።

አሁን ግቢውን የሞላው ሰው ያጉረመርማል። «ያው ቻይናው ነው የገደለው» ይላል አንዱ ሞሪታን። «ይዘን ለፖሊስ እንስጠው» ይላል ሌላው።

እናትነሽ እየተንጎራደደች ብርቄን ጠየቀቻት።

«ጠዋት ስትለይው ምን ይሠራ ነበር?»

«ሥዕሉ አልቋል፣ የቀረኝ ጽሑፉ ብቻ ነው አለኝ። ይህን ከቀረጸ ሰውዬው አገሩ ወስዶ ሊያስተምረው ነበር።»

እንጨቱን አየችው። ከሥዕሉ ሥር «ቤተ ልሔም» የሚል ጽሑፍ ጥርት ብሎ ተቀርጿል። እንግዲያው ልመንህ ብርቄ ከሄደች በኋላም ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። የሞሪታ አስተርጓሚ ዮርዳኖስ በማለዳ ገበያ ወርዳለች። የልመንህ የሥራ ባልደረባ መልካሙም ጥቂት ቆይቶ ተከትሏት ወርዷል፤ ገበያው ላይ ያየው ሰው ብዙ ነው። ሞሪታ ግን ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲስል ነው ያረፈደው።

«ጋሼ መልካሙ፣ ልመንህ ሊሄድ መሆኑን ሲሰሙ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ፤ ዕድሉ ነው። እኔ ሰውዬው ከመጣ ወዲህ እዚህ ቤት ዝር አላልኩም። ሥራውንም አላየሁ።»

ውጭ ጩኸቱ እየበረታ ነው። እናትነሽ ሁሉንም መሥሪያው ዙሪያ ሰበሰበችና እንጨቱን ራሷ ቀለም ቀባችው፤ ወረቀት አልብሳ ዳበሰችና አነሳችው። ተራራው አምሯል። ከሥሩ ያሉት ፊደላት ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

«ማን ያነብልኛል?»

ሰዎቹ ወረቀቱን ለማንበብ አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ፊደሉ ወረቀት ላይ እንዲቃና እንጨቱ ላይ እንደ መስታወት ምስል ግራ ቀኙ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። ሞሪታ ይህን አይስትም። ዮርዳኖስ ለሰው ስታስረዳ የከረመች ናት፤ ልመንህም ይህንኑ ሲማር ነው የከረመው። ይህን የቀረጸው እጁ የሠለጠነ፣ ሥራውን ግን ያላየ ሰው ነው። ብርቄ እንደሄደች በማለዳ መጥቶ ገደለው፤ ከዚያ እሱ ገበያ ሳለ ሟቹ በሕይወት የነበረ እንዲመስል ጽሑፉን ጨረሰለት። አምስት ፊደል ለአናጺ ብዙ አያቆይም፣ ጋሼ መልካሙ።»

መልካሙ እጆቹን አየ።

«መሮ የጨበጥነው አብረን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔንም ይውሰደኝ፣ ንገርልኝ አልኩት። ‹ቆይ› አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። መዶሻው ቅርቤ ነበር።»

ዮርዳኖስ ወደ እሱ ዞረች። «ሳትጠይቀውም ነግሮልህ ነበር። ትናንት እኔ ነኝ ያስተረጎምኩለት። ሞሪታም እሺ ብሏል። ጽሑፉ ሲያልቅ ሊያበስርህ ነው ቆይ ያለህ።»

መልካሙ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፖሊሶች እስኪያነሱት ቀና አላለም።

እናትነሽ ቀጣዩን መኪና ቆማ መጠበቅ አልቻለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አርብ ገበያ በእግሯ መንገድ ጀመረች።