ያልተሰገደው ስግደት

ስርጉት በቀኝ እግሯ ብቻ ቆማ፣ የግራ ውስጥ እግሯን ቀኝ ጭኗ ላይ ለጥፋ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ትንፋሿን ትቆጥር ነበር። ብዙም ሳትቆይ ቁርጭምጭሚቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዘመም አለች፤ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሄዳ የበሶው ጣሳ ላይ ወደቀች። ጣሳው ተንከባሎ ከሳጥኑ ጋር ተላተመ።

«በፈጠረሽ አስተኚኝ» አለች ሠናይት ከብርድ ልብሱ ሥር። «ገና ወፍ እንኳ አልተንጫጫ።»

ስርጉት ጣሳውን አነሳች፣ ክዳኑ አለመከፈቱን አየች፣ ተመልሳ ሰሌኑ ላይ ቆመች። የጉና ልጅ ናት። ውርጭ ጆሮ ሲቆርጥ ገብስ ተሸክማ ዳገት የወጣች ልጅ በገዛ እግሯ መቆም ሲያቅታት ለሌላው ያስቅ ይሆናል፤ ለእሷ ግን እሳት ነው።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ከሐዋሳ ተመድበው የመጡት የስፖርት መምህር፣ መምህር ተስፋነህ፣ ኳሱ የፈነዳ ዕለት ወንበሩን ሁሉ ወደ ጥግ አስገፍተው ዮጋ የሚባለውን አሳዩ። ተማሪውን በአንድ እግር አቆሙት። ሌላው እየተንገዳገደም ቢሆን ቆመ። ስርጉት ግን የፊተኛዋን ልጅ ይዛ ወለሉ ላይ ተነጠፈች። አንዱአምላክ የሚባል አፈኛ ልጅ፣ «የጉና ሰው ለካ ድንጋይ ካልተደገፈ አይቆምም» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳምንቱን ሙሉ ሙድ ያዙባት። በአጠገቧ በአንድ እግሩ እየዘለለ የማያልፍ ወንድ አልነበረም።

መምህሩ ግን ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ የወደቀችው ጉልበት አንሷት እንዳልሆነ ነገሯት። ዓይኗ እንደ ዝንብ አንድ ቦታ አያርፍም። አንድ ነገር መርጣ እሱን ብቻ እያየች፣ በዝግታ እየተነፈሰች በየማለዳው ብትሞክር ትቆማለች አሏት። ስርጉትም በልቧ ማለች። ፋሲካ ሳይደርስ ትቆማለች።

እሷና ሠናይት ለትምህርት ከገጠር መጥተው እማማ ዝናሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ቅዳሜና እሑድ ወደየቤታቸው ሄደው ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ክፍሏ የዶሮ ቆጥ ነው የምታክለው። በአንዱ ግድግዳ አልጋው፣ በሌላው ሳጥንና ጀሪካን፣ በሦስተኛው በሩ። ባዶው አንዱ ብቻ ነው። ስርጉት ሰሌኗን በእሱ ፊት አነጠፈች፤ ጭቃው ላይ አንዲት ስንጥቅ መረጠችና ዓይኗን እዚያ ተከለች።

ከመቆሙ በፊት መተጣጠፍ አለ። እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ መሬት ትነካለች፣ ትንበረከካለች፣ ግንባሯን ሰሌኑ ላይ ታሳርፋለች፣ ትነሣለች። ደግሞ እንደገና። መጀመሪያ ሰሞን የጭኗ ጅማት እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ደረጃ መውረድ አቅቷት ነበር። ከሕመሙ የባሰው ግን ዝምታው ነው። ግንባሯ መሬት ሲነካ የሒሳብ ፈተናው፣ የእናቷ ሳል፣ የአንዱአምላክ ሳቅ፣ ሁሉም እንደ ቅዳሜ ገበያ ጭንቅላቷ ውስጥ ይንጫጫል። ቀስ በቀስ ግን ገበያው ይበተን ጀመር። ውኃ ቅጂ፣ ጥጃ መልሺ፣ ፈተና ተቀመጪ ብሎ ያዘዛት ሰው የለም። በዕድሜዋ ሰው ሳያዛት የጀመረችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። የራሷ ነው።

እማማ ዝናሽ ደግሞ ምላሳቸው የተሳለ፣ እጃቸው የተቋጠረ ሴት ናቸው። የልጆቹ መብራት የሚበራውም የሚጠፋውም ከእሳቸው ቤት ነው። ራታቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ግቢው ይጨልማል። ልጆቹ ጥናት አለብን ቢሏቸው፣ እኔ ከተኛሁ ማን ሊያይበት ነው ይላሉ።

ታዲያ አንድ ማታ መብራቱ ሳይጠፋ ቆየ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በሳህን መጣ። ልጆቹ ተያዩ። ነገሩን አጣርታ የመጣችው ሠናይት ናት፤ ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው ሰማች። እማማ ዝናሽ በማለዳ በበሩ ስንጥቅ አይተዋል። በጾም ወቅት፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ ወድቃ የምትነሣ ልጅ። ምን ሊመስላቸው ኖሯል? የእኛ ቤት ልጅ ስግደት ይዛለች ብለው ለጎረቤት አዳረሱት። እንደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግሯ ለመቆም ትታገላለች፣ ስትወድቅም በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ሌላ ጨመሩበት።

ሠናይት ይህን ስታወራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስርጉት አልሳቀችም።

«ልንገራቸው» አለች።

«አበድሽ? አንቺ አልዋሸሽ። እሳቸው ናቸው ያዩት።»

«ስግደት መስሏቸው እኮ ነው።»

«ይምሰላቸዋ። ፈተና ደርሷል፣ መብራት አለን፣ ንፍሮ አለን። አታካብጂ፣ ስርጉቴ። ዮጋ ነው ብትያቸው ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ጓዛችንን ደጅ ነው የሚያወጡት።»

ይህ እውነት ነው። በፈተና ሰሞን ክፍል ፍለጋ መውጣት እርሻ መሃል በሬ መሸጥ ማለት ነው። ስርጉት ዝም አለች። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብላም ራሷን አሳመነች። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሣ ብዙ አይደክምም።

ሰሌኗ ላይ ግን ነገሩ ተበላሸ። አሁን ከበሩ ስንጥቅ ጀርባ ዓይን እንዳለ ታውቃለች። ስትጎነበስ ዝግ ማለት አመጣች፤ ግንባሯን ከድሮው አስረዝማ ማቆየት ጀመረች። አንድ ቀን ጭራሽ ስትነሣ አማተበች። ማማተብ ለማንም ኃጢአት አይደለም፤ እሷ ግን ያማተበችው ለበሩ ስንጥቅ ነው። ይህን ስታስበው ፊቷ ጋለ። የራሷ የነበረው ነገር የእማማ ዝናሽ ሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሠናይት ገበያ በሄደችበት፣ እማማ ዝናሽ እያነከሱ ገብተው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ያበጠ ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ስለ ይሻው አወሩ። ስርጉት የምታውቀው ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ ስልኩ ተዘጋ፤ አየሁት የሚል ሰውም ጠፋ። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ለእሱ ሲሰግዱ ኖረዋል። ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ መሬት ከወረዱ የሚያነሣቸው ሰው ይፈልጋሉ።

«እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም» አሉ። «ባሌ ሲሞት እንኳ አልለመንኩም። አንቺን ግን እለምንሻለሁ። በስግደትሽ አስቢልኝ።»

ስርጉት አፏን ከፈተች። እማማ ዝናሽ ግን ጎንበስ ብለው የልጃቸውን የክርስትና ስም በጆሮዋ ተናግረው ነበር።

የክርስትና ስም እንደ ዓለም ስም በየሜዳው አይጠራም። እናት ታውቀዋለች፣ ካህኑ ያውቀዋል፣ የሚጸልይለት ያውቀዋል፤ ክፉ ሰው ከሰማው ይጎዳበታል ይባላል። ስሙን እዚህ ማውጣት ነውር ነው፤ የተሰጠው ለእሷ ነው።

ሠናይት ስትመለስ ስርጉት ሁሉን ነገረቻት፣ ከስሙ በቀር። ሠናይት በዚህኛው አልሳቀችም። ነጠላዋን ስታጥፍ ቆየችና፣ «በቃ ስትጎነበሺ ስሙን ጥሪዋ» አለች። «ማን ያውቅብሻል? እግዜር እንደሆን ሁሉን ያያል።»

«ሁሉን ካየማ ችግሩ እሱ ነው» አለች ስርጉት።

በነጋታው ሰሌኑ ላይ ቆመች። እጆቿን ዘረጋች፣ ጎነበሰች፣ ግንባሯን አሳረፈች። ስሙ መጣ። ከስሙ ጋር የፎቶው ልጅ፣ ከልጁም ጋር የእናቱ ያበጠ ጉልበት መጣ። መተንፈስም መጸለይም አልቻለችም። ተነሥታ ጫማዋን አደረገችና ግቢውን ተሻግራ ሄደች።

እማማ ዝናሽ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ እኔ ስሰግድ አልነበረም።»

ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ስርጉት ቆማ ነገረቻቸው። ስለ መምህሩ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ ሰሌኑ፣ ያዩት ሁሉ ስፖርት እንደሆነ፣ ስለ መብራቱ ስትል እያወቀች ዝም እንዳለች። ማማተቧንም አልደበቀች።

«ወደ ምሥራቅ ዞረሽ እኮ ነው» አሉ እማማ ዝናሽ፣ እንደሚከራከር ሰው።

«ባዶው ግድግዳ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው፣ እማማ።»

ስርጉት ስድቡን ጠበቀች። ስድብ አልመጣም።

«ስሙን ነግሬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እህል ብሰጥሽ መልሺ እልሽ ነበር። ስም እንዴት ተደርጎ ይመለሳል?»

ከዚያ ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

የዚያን ዕለት መብራቱ ገና ራት ሳይበሉ ጠፋ። ሠናይት ደብተሯን በጨለማው ውስጥ ከድና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቅዳሜና እሑድ ጉና ቤቷ ስትቀመጥ ስርጉት ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ስሙ ግን ድንች ስትልጥም፣ ዳገቱን ስትወርድም አብሯት ነበር።

ሰኞ ማለዳ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ነቃች። ሰሌኑ ተጠቅልሎ ቆሟል። አልዘረጋችውም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣችና የእማማ ዝናሽን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«ስርጉት ነኝ። ኢየሱስ ልሄድ ነው፣ እማማ። አብረን እንሂድ። እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ልስገድ።»

«ስፖርትሽን ነው?»

«አይደለም። ስግደት ነው።» አፏን ወደ በሩ አስጠግታ ስሙን በለሆሳስ ጠራች።

ድምፃቸው ከበሩ ጀርባ፣ በጣም ቀርቦ መጣ። «ያኛውንስ ተውሽው?»

ተውኩት ማለት አንድ ቃል ነው። ያ አንድ ቃል ማታ መብራቱን ያበራል፣ ሠናይትንም ያስቃል። ስርጉት ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«አልተውኩትም፣ እማማ። እሱን ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው የምሠራው።»

መወርወሪያው ተንቋቋ፤ በሩ ተከፈተ። እማማ ዝናሽ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት።

«ነጠላሽን መስቀለኛ አጣፊ» አሉ፤ ክንዳቸውንም ሰጧት።

ስርጉት ነጠላዋን አስተካክላ ክንዳቸውን ያዘች። ዳገቱን በእሳቸው እርምጃ ልክ ጀመሩት።