ከወንዙ የመጣው የመጨረሻ ውኃ

ሩቤን በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ጠርሙሶቹ ካናዳ፣ ካልጋሪ ገቡ።

ጀልባዋ ተገልብጣ እሱን ብትበላም፣ የታሸገው ሳጥን ተንሳፍፎ ተገኝቷል። ሐሴት ላብራቶሪዋ ውስጥ ስትከፍተው በአሥራ ሁለቱም ጠርሙሶች ላይ ያየችው የእሱን የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ባሕሩ ወደ ወንዙ እየገባ ይሁን እየሸሸ።

የተዋወቁት እዚሁ ላብራቶሪ ነበር። እሱ ከምዕራቡ የባሕር ጠረፍ ወንዝ ውኃ ይቀዳል፤ እሷ በማይክሮስኮፕ ፋይቶፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ የውኃ እፅዋት በየዓይነታቸው ትለያለች፣ ትቆጥራለች። አንድ ቀን አሳየችው።

«እነዚህን ነው እንዴ ተሸክሜ የምመጣው?»

«እነዚህን ነው።»

«ሶ ቢውቲፉል» አለ። ቀና ሲል ግን የሚያየው እሷን ነበር። ለጥር ሊጋቡ ቀን ቆርጠው ነበር።

አለቃዋ «ቆጠራውን ለሌላ ሰው ልስጠው» ቢላት እምቢ አለች። ስትቆጥር ከኋላዋ የእርጥብ ጫማ ኮቴ ትሰማለች፤ ዞር ስትል ማንም የለም። ሠላሳ አንድ ዓይነት አገኘች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሕይወት የሞላበት ውኃ መጥቶላት አያውቅም። ልትነግረው ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

ሪፖርቱ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ቀረ፦ ናሙናው ለምን ተደገመ?

የፊተኛው ሳምፕል የተበላሸው በእሷ እጅ ነው። «ፕሊስ፣ አንዴ ብቻ ድገምልኝ» ያለችውም እሷ ናት። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

ኮቷን ደርባ ኦግደን ሰፈር፣ የሩቤን እናት ቤት ሄደች። እትዬ ወለተማርያም ጥቁር ለብሰው በር ከፈቱላት። ገና ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«እኔ ነኝ የላክሁት፣ እትዬ። ባልለምነው ኖሮ አይሄድም ነበር።»

ከመስኮቱ ማዶ ባቡር እየተንኳኳ አለፈ።

«አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ። «የሄደ ዕለት ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ‹ሐሴት ለምናኝ ነው› ብሎ እየሳቀ።»

«ከያን ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ? ቀብሩ ላይ እጄን ይዘው ሲቆሙም?»

«ታዲያ ማን ሊይዝሽ ኖሯል?»

ሐሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእትዬ ጥቁር ቀሚስ ውስጥ ቀበረች፤ ሩቤን ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።