በእማማ ጥሩዬ ሆድ የሰማሁት ትርታ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ እኔ ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይፋግ ሳድግ ጎረቤቶቻችን ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው ሲሉ እኔ «ወባ ነው፣ አስመርምሩት» እያልሁ ስጨቀጭቅ ነው የኖርሁት፣ ነርስ ከሆንሁ ወዲህማ የሰው ገላ ለእኔ ምንም ምሥጢር አልነበረውም፣ ልብ ደም ይገፋል፣ ሳንባ አየር ይስባል፣ ኩላሊት ያጣራል፣ አለቀ።

ያን ክረምት ከገሳይ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አብራኝ የምትውለው አዋላጅ ራሷ ልትወልድ ፈቃድ ወጥታ፣ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት፣ ታካሚም ቀርቶ፣ እመኑኝ፣ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምውልበት ቀን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ጥሩዬ ከነጭቃቸው ገቡ። ሰባን ያለፉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ስልኳ ከተቋረጠባቸው ዓመት የሞላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው።

«ምንዎን አመመዎት?»

«ምንም አላመመኝ። ሆዴን አዳምጭልኝ ብዬ ነው፣ ይመታል።»

በልቤ ሳቅሁ። ከልብ የሚወርድ ትልቅ የደም ቧንቧ ሆድ ውስጥ፣ ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ያልፋል፣ የከሳ ሰው ሲጋደም ትርታው በእጅ ሳይቀር ይታወቃል። ይህንኑ እያስረዳኋቸው አጋደምኋቸው፣ ማዳመጫውን ከእምብርታቸው በታች አኖርሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ምን ይሰማል! ጠበቅሁ። ሲያባራ መጣ፣ ዱብ ዱብ ዱብ፣ ሩጦ እንደቆመ ሰው።

«ይኸው፣ የደም ቧንቧዎ ነው» ልል አፌን ስከፍት በሌላው እጄ የእጅ አንጓቸውን ይዤ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ የእጅም የሆድም ትርታ ከአንድ ልብ ነው የሚመጣ፣ እኩል መሄድ አለበት። የእጃቸው ግን ዝግ ያለ፣ የተረጋጋ፣ ከሆዳቸው ጋር ጭራሽ የማይገናኝ! ደረታቸውን አዳመጥሁ፣ ደረታቸው ከእጃቸው ጋር ተስማማ። ወደ ሆዳቸው ተመለስሁ፣ ያ ሌላው ይሮጣል።

«ሰማሻት?» አሉኝ።

«ማንን?»

«ልጄን ነዋ። ዛሬ ሥራ በዝቶባታል መሰል፣ ትቻኮላለች።»

መንገዱ ሲከፈት ደብረ ታቦር ልኬ በአልትራሳውንድ አሳየኋቸው፣ ሆዳቸው ጤነኛ ነው፣ ማሕፀናቸውም እንደ እድሜያቸው የተኮማተረ፣ ባዶ ነው ተባለ። ወረቀቱን ሳነብላቸው «እነሱ በዓይን ፈለጓት» አሉኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ይመጡ ጀመር። እኔም፣ አትሳቁብኝ፣ ቅዳሜን እናፍቅ ጀመር። ትርታው አንዳንዴ ዝግ ይላል፣ አንዳንዴ ይፈጥናል። አንድ ቀን ለመቁጠር እስኪያቅተኝ ሲሮጥ «ፈርታለች፣ አንድ ነገር አስፈርቷታል» ብለው አለቀሱ፣ እኔ ነርሷ እጃቸውን ይዤ፣ እስኪረጋ ድረስ አብሬያቸው ቁጭ አልሁ። ለማንም አልነገርሁም፣ ለማን እነግራለሁ?

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትኖር፣ እንደልማዴ ማዳመጫውን አኖርሁ። አንድ ትርታ ብቻ። ዝግ ያለ፣ ከእጃቸው ጋር እኩል፣ ልክ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ። ወዲህ አዛወርሁት፣ ወዲያ አዛወርሁት። ያው ነው።

«ለኔማ ከሐሙስ ጀምሮ አልሰማ ብላኛለች፣ እርጅና አደንዝዞኝ ነው» አሉኝ፣ ጣሪያውን እያዩ። «አንች ጆሮሽ ገና ልጅ ነው። አለች?»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ለማውጣት ጊዜ ወሰድሁ።

«አለች፣ እማማ። ተኝታለች።»

«ተመስገን። ትረፍ እስቲ፣ ደክሟታል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉንጬን ሳሙኝና ወጡ።

ይኸው እስከ ዛሬ ከዓረብ አገር አንድ ወሬ አልመጣም፣ የደግም የክፉም። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ እኔም አጎንብሼ አዳምጣለሁ፣ አለች እላለሁ። አንዳንዴ «ምነው እንቅልፍ አበዛች?» ይሉኛል።