ስም የለሽ ጉብታ

የመስክ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

«ስም የለሽ ጉብታ? እውነት ስም የለሽ?»

ቀያሹ በሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ እየጠረገ ነበር። ፈገግ ሊል ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው።

እሱ መስክ ወጥቶ ይለካል፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ እሱ የለካውን ካርታ ላይ እነድፋለሁ። የተዋወቅነውም በዚሁ ደብተር ነው። የእጅ ጽሑፉ አልነበብ ብሎኝ ልጣላው ወርጄ ሳልጣላው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከቢሮው በር እንገናኛለን። እሱ ያረፍዳል፣ እኔ እናደዳለሁ። ያለፈው ሳምንት ግን «አሁንም ካረፈድክ እንዳትመጣ» አልኩትና በሰዓቱ ከተፍ አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዛሬ ጠዋት የከፍታ መስመሮቹን ስስል እጄ ቀጥ አለ። ወንዙን አወቅኩት፤ አጠገቡ ያለውንም ጉብታ። አናቱ ክብ፣ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ጎኑ ላይ አንዲት ቤት ያለችበት፤ የእናቴ ኮረብታ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ደንብ ከሃምሳ ሜትር በታች ያለው ሁሉ ጉብታ ነው፤ መንገድ ከመጣበት ማንም ሳይጠየቅ ይደለደላል። ሃምሳ ከሞላ ኮረብታ ይባላል፣ መንገዱም ዞሮት ያልፋል። እሱ አርባ አንድ ብሎ ጽፏል። አዲሱ መንገድ ደግሞ በዚያው እየመጣ ነው።

«ከየት ጀምረህ ነው የለካኸው?»

ጫማውን መጥረጉን ቀጠለ።

«ከየት?»

«መኪናው ከቆመበት» አለ በመጨረሻ። «ከመንገዱ ዳር።»

ደሜ ፈላ። የድሮው መንገድ አፈር ተሞልቶ ከፍ ያለ ነው። መለካት ያለበት ከኮረብታው ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ነው፤ ይሄን ጀማሪ እንኳ አይስተውም።

«ስሙንስ? አንድ ሰው ጠየቅክ?»

«አልጠየቅኩም።»

«መላጣው ነው ስሙ! መላጣው ላይ እንደተወለድኩ መቶ ጊዜ አልነገርኩህም? አፍህን ከፍተህ ብትጠይቅ ኖሮ እናቴ በራፏ ላይ ነበረች!»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ቸኩዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቅዳሜ ነበር፤ እንዳላረፍድብሽ ፈርቼ።»

ባሰብኝ። በእሱ ይሁን በራሴ መናደዴን መለየት አቃተኝ።

«በእኔ ልታሳብብ ነው?»

«አላሳብብም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንግዲያው ውጣና ለአለቃ ንገር።»

ነገረ። የአለቃችን ጩኸት እኛ ክፍል ድረስ ተሰማ። ሲመለስ የቡድን መሪነቱ ተነጥቋል፤ እንደገና እንዲለካ ሁለት ቀን ተሰጥቶታል፣ ረዳት ግን ተከልክሏል።

«የመለኪያውን ዘንግ እኔ እይዝልሃለሁ» አልኩት። «ለእናቴ ስል ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።»

አብረን ወደ መላጣው ወጣን። እኔ ዘንጉን ይዤ አናቱ ላይ በካፊያ ቆምኩ፤ እሱ ከወንዙ ዳር ጀመረ። አንድ ጊዜ ለካ። ደገመ። ሦስተኛም ለካ።

«ሃምሳ አራት!» ብሎ ጮኸ ከታች።

እኔ ወደ ቤቱ ወርጄ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት፤ እሱ እየሮጠ ሲወጣ በራፏ ላይ ጠበቀችው።

«ኮረብታዬን ያሳጠርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ጉብታ የሚባለው ያ ጓሮዬ ያለው የአፈር ክምር ነው። ይሄ ኮረብታ ነው።»

«አዎ፣ እማማ። ስሙ ማን ይባላል?»

ስሙን አሳምሮ ያውቃል፤ እኔው ነኝ ጮኼ የነገርኩት። ግን ደብተሩን ከፍቶ፣ ዝናቡ አንገቱ ውስጥ እየገባ ጠበቃት።

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። ደብተሩን አየችና «መላጣው» አለችው።

ጻፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፉ ይነበብ ነበር።

ወደ እኔ ዞረ። «ቅዳሜስ?»

«አልበረደልኝም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ እቆማለሁ። ሥራህን ሳትጨርስ ግን እንዳትመጣ። ብታረፍድም እቆማለሁ።»