በመስታወት ውስጥ የከረመች ባሕር

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ታላቁ ጦርነት ሰባተኛ ወሩን ይዞ ሳለ፣ ወደቡ ከወትሮው ጸጥ ብሎ ነበር፤ የንግድ መርከቦች መምጣት ካቆሙ ሰንብተው፣ በቦታቸው ግራጫ የጦር መርከቦች ጭሳቸውን እያንቦለቦሉ ተደርድረዋል፤ ከወደቡ በላይ ባለው የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር ደግሞ ለክተት የተጠሩት ሰዎች ስም በየግድግዳው ተለጥፎ፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለት ነበር። ከስሞቹ መካከል በየመስኮቱ መስታወት እየገጠመ የሚኖር የአንድ መስታወት ገጣሚ ስም ነበረበት፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ልጅ የሌለው፣ ዓይኑ ጤነኛ፤ ስለዚህ ለጦርነት የሚሆን ሰው ተብሎ ተመዘገበ።

ሚስቱ ስንቁን ስትቋጥር እሱ ከአባቱ ክፍል አልወጣ ብሎ ነበር። አባቱ አርባ ዓመት ሙሉ መርከብ እየመሩ ወደ ወደቡ ሲያስገቡና ከወደቡ ሲያስወጡ የኖሩ፣ ሰዉ ሁሉ አባ ማዕበል እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ አንደበታቸው ተይዞ አልጋ ላይ ውለዋል፤ ሲቆጡ ከመርከብ መርከብ ይሰማ የነበረው ድምፅ ጠፍቶ፣ የቀራቸው የግራ እጃቸው ምልክት ብቻ ነው። መስኮታቸው የሚያሳየው የጎረቤትን ግንብ ነው። ከክተቱ ብዙ ወራት በፊት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ከጥቂት ሾርባ በቀር እህል አልቀምስም ብለው ሰውነታቸው እያለቀ ሲሄድ፣ ልጃቸው «አባባ ወደ ባሕሩ መሄድ ካልቻሉ ባሕሩ ወደሳቸው ይምጣ» ብሎ ሥራውን ሁሉ ትቶ ተነሣ።

ከአባቱ አልጋ ጎን፣ ለገንዳ የሚሆን አራት የብረት ማዕዘን አቆመ፤ ከታች የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ አነጠፈ፤ ወፍራሙን መስታወት በተልባ ዘይት በታሸ ማጣበቂያ አያያዘው፤ በማጣበቂያው ውስጥ ያለው የእርሳስ ማዕድን መርዝ ነውና አርባ ቀን ሙሉ ገንዳውን ውሃ እየሞላ ደፋ። አሸዋውን ውሃው እስኪጠራ አጠበ፤ ከወደቡ ግንብ ባሻገር፣ የመርከብ ዘይት ከማይደርስበት ስፍራ የባሕር ውሃ ቀድቶ፣ በጨርቅ አጥልሎ ሞላው፤ የባሕር ሣር ተክሎም ሣሩ አረፋ መስደድ እስኪጀምር ድረስ አንድም ነፍስ ያለው ነገር አላስገባም። ሚስቱ «ለቤታችን እንዲህ ብትጨነቅለት ኖሮ ጣሪያው ባላፈሰሰ» እያለች ትቀልድበት ነበር። በመጨረሻ ጣት ጣት የሚያክሉ ሦስት ዓሦች፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብሶ የሚዞር አንድ ትንሽ ሸርጣን፣ ከነድንጋይዋ የመጣች አንዲት ቀይ የባሕር አበባ ገቡ፤ አበባ ትባል እንጂ እንስሳ ናት፤ ጣቶቿን ዘርግታ ትበላለች፣ ስትፈራ እንደ ቡጢ ትጨበጣለች።

አበባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋች ዕለት ሽማግሌው ዓይናቸውን ከሷ ሳይነቅሉ፣ ምራታቸው ለያዘችው ማንኪያ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ለቤቱ ሁሉ ግልጽ ሆነ፤ ገንዳው እስካለ ድረስ ሽማግሌው ይበላሉ።

የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ መስታወት ገጣሚው ሚስቱን ወደ ገንዳው ጠርቶ፣ በመስታወት መቁረጫው የጫራትን ቀጭን መስመር አሳያት።

«ጠዋትና ማታ ሠላሳ ሠላሳ ጊዜ በኩባያ እየቀዳሽ፣ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሽበት፤ አየር የሚያገኙት በዚያ ነው። የተረፈ ምግብ አታሳድሪ፣ ይሸታል። ውሃው ደግሞ ከዚህች ጭረት እንዳይወርድ።»

«ገባኝ፤ አታስብ።»

«አባባን አደራ።»

«እኔንም ለሳቸው አደራ በልልኝ፤ እንዳይቆጡኝ» አለችው፤ ልትስቅ ብትሞክርም አልሆነላትም።

ይህች ሴት ከሩቅ የመሃል አገር የመጣች ናት። የተዳረች ሰሞን ባሕሩን ቆማ አይታ «በበጋ ምን ያህል ይጎድላል?» ብላ ስለጠየቀች፣ አማቷ ከየብስ በቀር አታውቅም ሲሉ የብሲቱ የሚል ስም አወጡላት፤ መናገር እስከ ተሳናቸው ቀን ድረስ በሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። ስሙን ከስድብ ቆጥራው ኖራለች። አንድ ቀን እኒህን ሰው «ጎበዝ» ታሰኛቸው ዘንድ በልቧ ትመኝ ነበር።

ባሏ ሳይነግራት የቀረ አንድ ነገር ነበር፤ ደብቋት ሳይሆን፣ ለሱ እንደ መተንፈስ የቀለለ ነገር ስለነበረ ነው። ከገንዳው ተንኖ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እሱ ጎሕ ሲቀድ፣ እሷ ሳትነሣ፣ ከአሸንዳው ሥር ካለው በርሜል የዝናብ ውሃ ቀድቶ የጎደለውን ይሞላ ነበር። እሷ ያየችው ግን አሮጌውን ውሃ ሊለውጥ በየወሩ የባሕር ውሃ ተሸክሞ ሲመጣ ነው። ብርዱ ገና አልለቀቀምና ለሽማግሌው ብላ በክፍሉ የብረት ምድጃ ታነድ ነበር፤ በምድጃው ሙቀት ውሃው ከጭረቷ በታች ሲወርድ አየችና ባልዲዋን አንሥታ ወደ ባሕር ወረደች።

በሚያዝያ ወር አዋጅ ወጣ። ጨው ለሠራዊቱ ሥጋ ማቆያ ያስፈልጋልና፣ የባሕር ውሃ ቀድቶ ወደ ቤቱ የወሰደ ማንም ሰው እንደ ጨው ሌባ ይቆጠራል ተባለ፤ በዳርቻውም የጨው ዘበኞች ቆሙ። የብሲቱ ወደኋላ አላለችም፤ ባልዲውን ከታጠበ ልብስ ሥር ሸሽጋ፣ በየሳምንቱ ታመላልስ ጀመር። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እየደረቀ የሚቀረውን ነጭ ነገርም በጨርቅ እየጠረገች መልሳ ውሃው ውስጥ ትጨምረው ነበር፤ ባሏ የደከመበት ባሕር እንዲባክን አልፈለገችም።

ሽማግሌው ይህን አይተው እረፍት አጡ። በግራ እጃቸው የመጠጥ ውሃቸውን ኩባያ ይነካሉ፤ ወደ ገንዳው ያመለክታሉ፤ እንደገና ኩባያውን ይነካሉ። እሷም ኩባያውን አንሥታ ወደ ከንፈራቸው ታቀርባለች። እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ከኔ እጅ መጠጣት ጠሉ እንዴ አባባ?» ትላቸዋለች። «ምን በደልኩዎት?»

በግንቦት አንዱ ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ፤ ሁለቱ ተከተሉት። ሸርጣኑ ቅርፊቱን ጥሎ ራቁቱን ወጥቶ ሞተ። አበባዋ ተሰብስባ የሎሚ ያህል ቀረች። የብሲቱ ውሃው ቢያረጅ ነው ብላ በሳምንት አንድ የነበረውን ባልዲ ሁለት አደረገችው።

ከዚያ በኋላ በአራተኛው ባልዲ ከዓሣ ገበያው ጀርባ አንድ የጨው ዘበኛ አስቆማት።

«ምንድን ነው የያዝሽው ሴትዮ?»

«የታጠበ ልብስ ነው፣ ጌታዬ።»

ዘበኛው ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «ልብስሽ ጨው ጨው ይላል።»

«ለዓሣ ነው።»

«ልትቀቅይው?»

«እንዲኖር ነው፤ ቤት ውስጥ።»

«ዓሣ የሚኖረው ባሕር ውስጥ ነው» አለ ዘበኛው እየሳቀ፤ «አንቺን ማን ሞግዚት አደረገሽ?» ብሎ እየነዳ ወሰዳት።

የጨው ሹሙ ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓት አክባሪ ነበር፤ ክሱ የጨው ክስ ነውና ጨዉ መመዘን አለበት አለ። ስለዚህ ባልዲውን በሰፊ ብረት ምጣድ ገልብጠው እሳት ላይ ጣዱት፤ ሴቲቱም ከምጣዱ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆየች። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ወጣ፤ ጨዉ በምጣዱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ጸሐፊው ፍቆ መዘነና ጻፈ። ያስጨነቃት ነገር መልስ በዓይኗ ፊት ሲንተከተክ ዋለ፤ እሷ ግን የምታስበው ዛሬ ማን አየር ያፈስላታል ብላ ስለ አበባዋ ነበር። ሦስት ቀን እስራት ፈረዱባት።

ስትፈታ ሽማግሌውን ስትጠብቅ የሰነበተችው ጎረቤቷ ልብስ አጣቢዋ በር ላይ ተቀበለቻት።

«እህቴ፣ አማትሽ እኮ ገደሉኝ! ውሃ በሰጠኋቸው ቁጥር ኩባያውን እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው የሚደፉት። አንድ ጉንጭ አልዋጡም።»

ዘላ ገባች። የሽማግሌው ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቋል፤ ከአልጋው ጎን ወደቆመው ገንዳ የግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ ኩባያቸውን ያንጠፈጥፋሉ። በውሃው ውስጥ አበባዋ ከሰነበተችበት ጭብጥ ሁለት ጣቷን አውጥታ ነበር፤ የብሲቱ ያየችው ግን የሽማግሌውን እጅ ብቻ ነው።

«አባባ! እኔ ለዚህ ብዬ ከሌባ ጋር ታስሬ፣ እርስዎ የመጠጥ ውሃ ይደፉበታል? ልጅዎ አደራ ያለኝን? እኔን ቢጠሉኝ ይጥሉኝ፣ እሷ ምን አደረገችዎት?»

አልጋውን ጎትታ ማዶ ካለው ግድግዳ አስጠጋችው፤ ኩባያውንም እጃቸው ከማይደርስበት አኖረችው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሳምንቱ እንደገና ወደ ባሕር ወርዳ ቀዳች፤ አልተያዘችም። ያን ቀን ብትያዝ ይሻላት ነበር። በዘጠነኛው ቀን አበባዋ ከድንጋይዋ ለቅቃ እንደ ቡትቶ ጨርቅ ተንሳፈፈች፤ ክፍሉም መሽተት ጀመረ፤ ሽማግሌውም እንደ ቀድሞው ከጥቂት ሾርባ በቀር አልቀምስም አሉ።

በነሐሴ የሙታን ስም ዝርዝር በከተማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ የመስታወት ገጣሚው ስም በሁለተኛው ዓምድ ላይ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እሱ የጻፈላት ደብዳቤ መጣ፤ በመጋቢት የተጻፈ ነው፤ በደብዳቤ መርማሪዎች ጽሕፈት ቤት አምስት ወር ተቀምጦ፣ ተመርምሯል የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። የብሲቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ አማቷም ይሰሙ ዘንድ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ባቡር ላይ ሆኜ ትዝ ቢለኝ ክው አልኩ፤ ስለ ውሃው ሳልነግርሽ መጣሁ። ሲጎድል የባሕር ውሃ እንዳትጨምሪበት፤ ከአሸንዳው በርሜል የዝናብ ውሃ ነው የሚጨመረው። ጨዉ አይተንም፤ በላዩ ላይ ሌላ ጨው ከጨመርሽበት ይከርና ሁሉንም ይገድላቸዋል። ግራ ሲገባሽ...»

ማንበቧን አቆመች። ሽማግሌው የአልጋውን ጠርዝ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ቀጥዪ ማለታቸው ነው።

«ግራ ሲገባሽ አባባን ጠይቂያቸው። መናገር ባይችሉም ሁሉን ያውቃሉ። እጃቸውን ተመልከቺ።»

ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። «አባባ» አለች፣ «ያን ሁሉ ጊዜ እየነገሩኝ ነበር?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። እሷ ከአልጋው ሥር ተደፍታ፣ ለባሏም ለአበባዋም በአንድነት አለቀሰች፤ ሽማግሌው ሦስት ቀን የተጠሙት አበባዋን ሊያድኑ እንደነበረ ሲገባት ደግሞ ልቅሶዋ ጨመረ። አባ ማዕበል የግራ እጃቸውን ራስዋ ላይ አኖሩ፤ እስክትነሣ ድረስም አላነሡትም፤ ያን ማታም ከእጇ እህል በሉ።

ጦርነቱ አለቀ፤ የጨዉም አዋጅ ተሻረ። የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የሰመጡትን መርከቦች ቁጥርና የአዛዦቹን ማዕርግ ሳያጓድሉ መዝግበዋል፤ የመስታወት ገጣሚው ስም በአደባባዩ ሐውልት ላይ ከሁለት ሺህ ስሞች ጋር ተቀርጿል፤ በፍርድ ቤቱ መዝገብም «አንዲት ሴት፣ ጨው በመስረቅ፣ ሦስት ቀን» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ያች ሴትና እኒያ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አብረው እንደኖሩ ግን የጻፈ የለም። በእነዚያ ዓመታት መስኮት ለመክፈት እንኳ ብትነሣ መጀመሪያ ወደ አልጋው ዞር ብላ «አባባ፣ ልክ ነኝ?» ትል ነበር፤ እጃቸውንም አይታ ነው ሥራዋን የምትጀምረው። እሳቸው ካረፉም በኋላ፣ ባዶው አልጋ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ፣ እንደዚያው እየዞረች ትጠይቅ እንደነበር ልብስ አጣቢዋ ታወራ ነበር።