የአምዶር አሮጌ ቆዳ

በዘምሪያ መንግሥት የታላቁ ዘንዶ የአምዶር ዓይኖች እንደ አጓት ነጡ። ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብ ዓይኑ መጋረዱ የተለመደ ነበር። ወዲያው ይጠራል፤ ቆዳው እንደ እጅጌ ተገልብጦ ይወልቃል፤ ከሥሩ ያለው ምንጭም ሞልቶ አገር ያጠጣል። ዘንድሮ ግን ቆዳው እየተቆራረጠ ገላው ላይ ደርቆ ቀረ። ጅራቱ ላይ እንደ ቀለበት የተጣበቀው ቁራጭ ደሙን አንቆ ሥጋውን አጠቆረው። ምንጩም ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ።

አምዶርን ስታገለግል ያደገችው ወጣቷ ናርዳ እህል አልቀምስ አለች። ንግሥት ሰብልያ በአደባባይ ቆመው፣ «ዘውዴ ይመስክር! አምዶር ከሞተ ምንጩ ይሞታል፤ እኛም እንከተለዋለን። ጉም ሸለቆ ወርዶ ከአምዶር እናት መድኃኒት የሚለምንልኝ ማነው?» አሉ። ትናንት ሲፎክሩ የነበሩት ጦረኞች ሁሉ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ናርዳ።

«ብቻሽንማ አትሄጂም» አለ የእናቷ ወንድም ሸንቁጥ፣ የሚያመውን ጉልበቱን እያሸ። «እናትሽ ስትሞት ምን ብላ አደራ እንደሰጠችኝ አትርሺ። ደግሞስ ስንቁን ማን ይሸከምልሻል?»

የአመድ በረሃን አቋርጠው፣ የድንጋይ ጅቦችን በችቦ እየመከቱ ሸለቆው ደረሱ። ኮረብታ የምታህለው እናት ዘንዶ እርጥብ ሣር ላይ ተዘርግታ፣ ጎኗን ከሻካራ ዓለት ጋር እያሻሸች ቆዳዋን ስትጥል አገኟት።

«ልጄን ምን ላይ ታስተኙታላችሁ?» ስትል ጠየቀች።

«ሐር ምንጣፍ ላይ፣ እሜቴ» አለች ናርዳ በኩራት። «ሻካራ እንዳይነካው የአባቶቻችን ሕግ ስለሆነ ድንጋዩን ሁሉ ለቅመን ጥለናል። እንዳይበርደው ቀን ከሌት እሳት ይነድለታል። ወለሉን እኔው ራሴ ጠብታ ሳላስቀር አደርቀዋለሁ።»

እናት ዘንዶ ማሻሸቷን አቁማ ወደ ናርዳ ዞረች።

«መድኃኒት የለኝም» አለች። «የነሳችሁት ውሃና ድንጋይ ነው። እሳቱን አጥፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቆዳውን አለስልሱት። አትጎትቱት፤ ከጎተታችሁት ሕያው ሥጋው አብሮ ይነሣል። ደግሞ ተጠንቀቁ። ዓይኑ የተጋረደ ዘንዶ ወዳጁን አይለይም።»

ናርዳ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። በገዛ ፍቅሯ ስትገድለው ኖራለች።

ሲመለሱ ምንጩ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። እሳቱን አጠፉ፤ ድንጋዩን መለሱ፤ አምዶርን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት። ቆዳው ሲለሰልስ ናርዳ ቀለበቱን ከጅራቱ ላይ በጣቷ ማንከባለል ጀመረች። ሕመሙ ሲሰማው አምዶር አፉን ከፍቶ ወደ እሷ ዞረ። ሸንቁጥ ዘሎ የዘንዶውን አንገት አቀፈ። የአምዶር ጥርስ ትከሻው ውስጥ ገባ።

«አጎቴ! ልቀቀው!»

«እጅሽን እንዳታቋርጪ!» አለ፣ አንገቱን እንዳቀፈ። «እኔን አትዪ። ጅራቱን እዪ።»

ከኋላዋ ትንፋሹ ሲቆራረጥ እየሰማች፣ መቸኮል አልቻለችም። ብትቸኩል ሥጋው ይቀደዳል፤ የሸንቁጥም ሞት ከንቱ ይሆናል። ቀስ እያለች አንከባለለችው። ቀለበቱ ሲወልቅ ከኋላዋ ምንም ድምፅ አልነበረም።

አምዶር ገላውን በድንጋዩ አሻሸ፤ አሮጌው ቆዳ ከነዓይኑ መጋረጃ ወለቀ። ምንጩ ገንፍሎ ወጣ፤ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ዘንዶው በጠራ ዓይኑ ከፊቱ የተዘረረውን ሰው አየ፤ ጭንቅላቱንም ዝቅ አድርጎ አጠገቡ ተጋደመ። ናርዳ በአዲሱ ውሃ የአጎቷን ፊት ታጥብ ነበር።

ንግሥቲቱ እየሮጡ ገቡ። «አገሬን አዳንሽ! ምን ልሸልምሽ፣ ልጄ?»

«እልልታውን ያስቁሙልኝ፣ እቴጌ» አለች ናርዳ። «ለአጎቴ ላልቅስለት።»